ኮኬሺ በዋንዛ፦ የጃፓኖቹን የእንጨት አሻንጉሊት ጎንደር ላይ እንዴት እንሠራለን

ኮኬሺ እጅ የላትም። እግርም የላትም። ክብ ጭንቅላት፣ ቀጥ ያለ ገላ፣ በቀጭን ብሩሽ የተሣለ ፊት፣ በቃ ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ስለሆነች ለጀማሪ እመክራታለሁ። የምትከብደውም ለዚሁ ነው። ጌጥ ስለሌላት ጥፋት የሚደበቅበት ቦታ የለም።

እኔ ጎንደር ውስጥ ቶርኖ (እንጨት እያዞረ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ የአልጋና የወንበር እግር እያወጣሁ የምኖር እንጨት ሠሪ ነኝ። ኮኬሺን ያወቅኳት በእህቴ ልጆች በኩል ነው። ግንቡን ሊጎበኝ የመጣ ጃፓናዊ እንግዳ አንዲት ሰጥቷቸው ሄደ። ገልብጬ ሥሯን ሳይ የቶርኖ ሥራ መሆኗ ወዲያው ገባኝ፤ ከቀለሙ አጠገብም የሠሪው ስም ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚህ ሰዎች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ አሠራራቸውን በቪዲዮ ተከታተልኩ፣ በእጄም ሠራሁ። ይህን የምጽፈው ቶርኖ ላላችሁ፣ ቶርኖ ያለው ወዳጅ ላላችሁ፣ እንዲሁም በእጃችሁ አንድ ነገር ማውጣት ለምትወዱ ሁሉ ነው።

ወደ እንጨቱ ከመግባታችን በፊት ባለቤቶቿን እንወቅ

ኮኬሺ የመጣችው ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ቶሆኩ ከሚባለው አገር ነው። ተራራ፣ በረዶና ፍል ውኃ የበዛበት አገር ነው። እዚያ ተራራ ላይ ኪጂያ የሚባሉ የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ። ቶርኖ ላይ ሳህንና ትሪ እያወጡ ነበር የሚኖሩት። ገበሬው እርሻው ጋብ ሲልለት ፍል ውኃ ሊታጠብ ይመጣል፣ ለቀናት ይቀመጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ለልጆቹ የሚይዝላቸው ነገር ይፈልጋል። ኪጂያዎቹ በዚያው ቶርኗቸው አሻንጉሊት አውጥተው፣ ፊት ሥለውላት ሸጡለት። ይህ የሆነው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት አካባቢ ነው።

እያንዳንዱ የፍል ውኃ መንደር የራሱን መልክ አወጣ። መልኩ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፋል። ጎንደር ላይ የቤተ ክርስቲያኑ አቋቋም «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» አለው አይደል? ኮኬሺም እንዲሁ ቤት አላት። ቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ 11 ተብለው ይቆጠራሉ፤ አንዱን ለይተው 12 የሚሉም አሉ። የናሩኮ ቤት አሻንጉሊት ወገቧ ትንሽ ሰርጎድ ያለ ነው፤ ገላዋ ላይ የክሪሳንተም አበባ ይሣልባታል፤ አንገቷ ሲጠመዘዝ ድምፅ ታወጣለች። የትሱቺዩዋ አናቷ ላይ ጥቁር ክብ አለ፤ ገላዋ በቀለበት መስመር የተሞላ ነው። የቶጋታዋ ጭንቅላቷ ትልቅ ነው፤ ከአናቷ ቀይ መስመሮች እንደ ጨረር ይወርዳሉ። የያጂሮዋ አናቷ ላይ ባለቀለም ቀለበቶች ተደራርበው ቆብ ያደረገች ያስመስሏታል። የናንቡዋ ብዙ ጊዜ ቀለም የላትም፣ ጭንቅላቷም ላላ ብሎ ይወዛወዛል፤ ሕፃን አፉ ውስጥ እንዲይዛት የተሠራች ነበረች። የትሱጋሩና የኪጂያማ ቤቶች ደግሞ ጭንቅላትና ገላውን ከአንድ እንጨት ያወጣሉ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት በምክንያት ነው። እነዚህ መልኮች ባለቤት አላቸው። የናሩኮን አበባ ገልብጦ «የኔ ሥራ» ማለት የሰው ቅኔ ሰርቆ ማኅሌት ላይ መቆም ነው። ከእነሱ የምንወስደው አሠራሩን ነው። አሠራሩ ደግሞ አንድ ሕግ አለው፦ አንድ ሰው እንጨቱን ያደርቃል፣ መሣሪያውን ራሱ ቀጥቅጦ ይሠራል፣ ያዞራል፣ ይለሰልሳል፣ ይሥላል፣ ስሙን ይጽፋል። ሥራውን ቆራርጦ ለአምስት ሰው ማከፋፈል ይቻላል፤ ያኔ የሚወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

እንጨቱ

ጃፓኖቹ አብዝተው የሚወዱት ሚዙኪ የሚባል ዛፍ ነው። እንጨቱ ነጭ ነው፣ ጅማቱ ጎልቶ አይታይም፣ ቀለም በደንብ ይቀበላል። ዛፉን የሚቆርጡት በመኸርና በብርዱ ወራት፣ ውኃው ሲቀንስለት ነው። ቅርፊቱን ልጠው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ደጅ ያደርቁታል።

እኛ ዘንድ ሚዙኪ የለም። ዋንዛ አለ። ዋንዛ ልዝብ ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፣ በደንብ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። ችግሩ ልቡ ቡናማ መሆኑ ነው። ቡናማ ላይ የተሣለ ፊት ይደበዝዛል። ስለዚህ እኔ ጭንቅላትና ገላውን ለየብቻ ሳወጣ ለገላው ዋንዛ፣ ለጭንቅላቱ ነጣ ያለ እንጨት እወስዳለሁ። ዝግባ ካገኛችሁ ለጭንቅላት የሚስተካከለው የለም፤ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፣ ጅማቱም የተስተካከለ ነው። መንገድ ዳር ተተክሎ ሲከረከም የሚጣለው የጃካራንዳ ቅርንጫፍም ነጭና ለስላሳ ነው፤ ለመማሪያ በጣም ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ይቅርባችሁ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠመዘዛል። ወይራ ውብ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ መሮም ያዶለዱማል። ቀለም ሳይነካት በሰም ብቻ ለምትቀር አሻንጉሊት አስቀምጡት።

አደራ፣ ለአሻንጉሊት ብላችሁ ዛፍ እንዳትጥሉ። ዋንዛና ዝግባ ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግም የተከለከለ ነው። ኮኬሺ አንድ ስንዝር ብትሆን ነው። አናጢ ቤት ጥግ የተጣለው ቁርጥራጭ፣ የተሰበረ የቁም ሣጥን እግር፣ የአሮጌ አልጋ ቋሚ ሁሉ ይበቃታል። እንዲያውም አሮጌ እንጨት ማድረቁን ያስቀርላችኋል።

እርጥብ እንጨት ከሆነ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ግንዱን ለሁለት ወይም ለአራት ፍለጡት፤ መሐሉ ላይ ያለው ልብ በቁራጫችሁ ውስጥ ከቀረ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ከሚያስፈልጋችሁ አራት ጣት ያህል አስረዝማችሁ ቁረጡ። ሁለቱን ጫፎች ቀለጥ ባለ ሰም ወይም በኮላ ቀቡ። እንጨት ውኃውን የሚተፋው ከሁሉ በፊት በጫፉ ነው፤ ጫፉ ቀድሞ ከደረቀ መሐሉ ሳይደርስ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚገባበት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት። ለዚህ የጎንደር በጋ የታደለ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ አየር ትንንሽ ቁራጮችን ያደርሳል። መድረሱን በዓይን አትገምቱ። ሱቅ ሚዛን ላይ መዝኑት፣ ክብደቱንም እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ። በየሁለት ሳምንቱ ድገሙት። መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ቶርኖና መሮ

ድሮ ቶሆኩ ውስጥ ቶርኖ በሁለት ሰው ነበር የሚሠራው። አንዱ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ግራና ቀኝ ይጎትታል፤ ሌላው መሮውን ይዞ ይቀርጻል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በእግር የሚረገጠው መጣና አንድ ሰው ብቻውን መሥራት ቻለ። ዛሬ በሞተር ነው። አቀማመጣቸው ግን ከእኛ ይለያል። እኛ ከቶርኖው ጎን እንቆማለን፤ እነሱ ብዙዎቹ ከእንጨቱ ጫፍ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እንጨቱ በአንድ ጫፉ ብቻ ስለሚያዝ ሌላው ጫፍ ነጻ ነው፤ አናቱን በአንድ አያያዝ ጨርሰው ማለስለስ ይችላሉ።

በእኛ የአልጋ እግር ቶርኖ ላይ እንጨቱ በሁለት ጫፍ ይያዛል። ይህም ይሠራል። ጭንቅላቷ አናት ላይ የምትቀረውን ትንሽ እምብርት በመጨረሻ በመጋዝ ቆርጣችሁ በእጅ ታለሰልሷታላችሁ። ቶርኖ ከሌላችሁ የአልጋ እግር ወደሚያወጣ ቤት ሂዱና ለግማሽ ቀን አብሯችሁ እንዲሠራ ተስማሙ። «አንዲት አሻንጉሊት አውጣልኝ» ብላችሁ ትታችሁ አትሂዱ። ቁሙና እዩ፣ ከዚያ መሮውን ያዙ።

መሣሪያውን በተመለከተ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። የኮኬሺ ሠሪው ደቀ መዝሙር ከሚማረው ውስጥ አንዱ የራሱን መሮ መቀጥቀጥ ነው። ጫፉ የታጠፈ ረጅም መሮ ነው፤ እንደ ሠሪው እጅና እንደ ሥራው ይለያያል። እኛም ይህ አያቅተንም። የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ይዛችሁ ወደ ቀጥቃጭ ሂዱ፣ የምትፈልጉትን መታጠፊያ በካርቶን ቆርጣችሁ አሳዩት። ሞረድ ይዞላችሁ ከመጣ ግን እንቢ በሉ፤ ሞረድ በደንብ ካልተለዘበ በሥራ መሐል ይሰበራል። ከቀጥቃጩ ጋር ተቀመጡ፣ ሻይ ጋብዙት፣ ብረቱ ምን ዓይነት ቀለም ሲያወጣ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር ጠይቁት። የሚነግራችሁ ነገር መጽሐፍ ላይ አይገኝም።

ቶርኖ ላይ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ ጓንት የለም። መነጽር አድርጉ። አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ማዞር

ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላትና ገላውን ከአንድ እንጨት አውጡ፤ የትሱጋሩና የኪጂያማ ቤቶች እንደሚሠሩት ማለት ነው። መገጣጠሚያ ስለሌለ ሐሳባችሁ ቅርጹ ላይ ያርፋል። ቁመቷን 18 ሴንቲ ሜትር አድርጉ። በጃፓኖቹ መለኪያ 6 ሱን ነው፤ በጣም የተለመደ ልክ ነው። ከዚህ 6 ሴንቲ ሜትሩ ጭንቅላት ይሁን፣ ቀሪው ገላ። የጭንቅላቱ ስፋት ከገላው ትንሽ ይብለጥ፤ ገላው 5 ከሆነ ጭንቅላቱ 6 ቢሆን ያምራል።

እንጨቱ ዙሪያው ክብ እስኪሆን ድረስ ቶርኖው በቀስታ ይዙር። ክብ ከሆነ በኋላ ፍጥነት ጨምሩ። መጀመሪያ አንገቱን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ ከሁለት በኩል ወደ ምልክቱ እየቀረጻችሁ ውረዱ። ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ቅረጹ። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ከወጣችሁ መሮው ጅማቱን ቀንጥሶ ያነሣዋል። ሥሯን ወፍራም አድርጉ፣ ስትቆም እንዳትወድቅ። ከሥሯ መሐል ትንሽ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ጠርዙ ብቻ መሬት ይነካል፤ አትነቃነቅም።

እጃችሁ ሲፈታ ወደ ናሩኮ አገጣጠም ግቡ። እኔ ከኮኬሺ ሥራ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ጭንቅላቱና ገላው ለየብቻ ይወጣሉ። ከጭንቅላቱ ሥር ቁልፍ የመሰለ አንገት ትቀራለች፤ ጫፏ ወፈር ይላል፣ ከጫፏ በላይ ቀጠን ይላል። ገላው ላይ ደግሞ ጉድጓድ ይወጣል፤ አፉ ጠበብ፣ ውስጡ ሰፋ ያለ። የአንገቷ ጫፍ ከጉድጓዱ አፍ በጣም በትንሹ መብለጥ አለበት። ከዚያ አንዱ ቶርኖ ላይ እየዞረ ሌላው በእጅ ይገፋበታል። ሁለቱ እንጨቶች ሲፋተጉ ይግላሉ። የተቃጠለ እንጨት ሽታ ይመጣል፣ ቀጭን ጭስ ይታያል። እጃችሁ ላይ ግፊቱ ይሰማችኋል፤ ይሄድ ይሄድና ድንገት «ቋ» ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ አይወጣም። አንገቱ ይዞራል፣ ሲዞርም ያንን ድምፅ ያሰማል፤ እዚያ አገር የሕፃን ልቅሶ ይሉታል። ኮላ የለም፣ ሚስማር የለም። እንጨቱ ያልደረቀ ከሆነ ግን ውሎ አድሮ ይላላል ወይም ገላው ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ስለ ሚዛኑ ያን ያህል የለፈለፍኩት።

ማለስለሱ ብዙ ወሬ አይፈልግም። 120፣ 240፣ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በተራ። ብርጭቆ ወረቀት ሳይመጣ ቶኩሳ በሚባል ሻካራ ተክል ነበር የሚያለሰልሱት። ከ400 በኋላ ከቶርኖው ሥር የወደቀውን ፍቅፋቂ እፍኝ ዘግናችሁ እየዞረ ያለው እንጨት ላይ ጫን አድርጉ። ገጹ ይጠብቃል፣ ያብለጨልጫል። ይህን አትዝለሉት፤ ቀለም በጅማቱ ውስጥ ሾልኮ እንዳይሄድ የሚይዘው ይህ ነው።

ቀለሙ ከቅዳሜ ገበያ

ኮኬሺ የሚሠሩት ሰዎች የሚጠቀሙት ቀለም ጥቂት ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር። ከጥቁሩ በቀር አብዛኛው በውኃ የሚበጠበጥ የፋብሪካ ዱቄት ቀለም ነው። እኛ ዘንድ ይህ ዓይነቱ የት አለ? እናቶቻችን ለመሶብና ለሰፌድ አለላ የሚነክሩበት ቀለም ነው። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ የስፌት ቀለም ስትሉ ይሰጧችኋል። በፈላ ውኃ በትንሽ በትንሹ በጥብጡት፣ ወፈር ይበል። ብሩሹን ነክራችሁ ጨርቅ ጠርዝ ላይ አራግፉት። ውኃ የበዛበት ቀለም እንጨት ላይ ይፈስሳል። አሻንጉሊቷን ከመንካታችሁ በፊት በዚያው እንጨት ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

ለጥቁሩ እነሱ ሱሚ አላቸው፤ ጥላሸት ከእንስሳ ሙጫ ጋር ተለውሶ የሚሠራ ቀለም ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለምም መሠረቱ ጥላሸት ነው። አንድ ብራና የሚጽፉ አባት ጋ ሄጄ፣ «የኔታ፣ ይህ ቀለም እንጨት ላይ ይይዛል?» አልኳቸው። «ብራና ላይ ስንት ዘመን የኖረ፣ እንጨት ላይ ምን ያንሰዋል? እጅህን አጥብቀህ ያዝ እንጂ» አሉኝ። ያዘ። ዳሩ ግን ይህን ቀለም ለማግኘት ማስፈቀድና ማክበር ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ጥሩ ጥቁር ቀለም ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይገኛል።

መጀመሪያ የቀለበት መስመሮቹ ይሣሉ። ቶርኖው ይዙር፣ እናንተ ብሩሹን አስጠግታችሁ ያዙት። እጃችሁ አይንቀሳቀስም፤ እንጨቱ ራሱ ይሥላል። ትከሻዋ ላይ ሁለት፣ ከሥሯ በላይ ሁለት ቀለበት ከበቂ በላይ ነው።

መሐሉን የጎንደር አድርጉት። እኔ ሁለት ነገር ነው የምሥለው። አንዱ አደይ አበባ ነው፤ ቅጠሎቹን በአንድ በአንድ የብሩሽ ጫና፣ ከውጭ ወደ መሐል። ሁለተኛው ጥለት ነው፤ ከሀበሻ ቀሚስ መሐል የሚወርደው ጥለት ለዚህ ቀጥ ያለ ገላ የተፈጠረ ይመስለኛል። ከአንገቷ እስከ ሥሯ አንድ ቀጭን ጥለት አውርዱና ሌላውን እንጨት ባዶ ተዉት። የእንጨቱ መልክ ራሱ ቀሚስ ነው። ፀጉሯን ደግሞ ሹሩባ ወይም ቁንጮ አድርጉት። በኤዶ ዘመን (ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን) የጃፓን ሕፃናትም ራሳቸው ተላጭቶ ቁንጮ ይተውላቸው ነበር፤ የኮኬሺዋ ግንባር ላይ የምትታየው ጥቁር ቁራጭ ፀጉር ከዚያ ጋር ትሄዳለች። አያቶቻችን ቢያዩዋት የማን ልጅ ናት ብለው ይጠይቁ ነበር።

ፊት

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሌላው ሁሉ ቢያምር ፊቱ ከተበላሸ አሻንጉሊት የለም።

በመጀመሪያ ፊት የሚያርፍበትን ጎን ምረጡ። ጭንቅላቷን እያዞራችሁ እዩ፤ ጅማቱ ቀጥ ብሎ የወረደበት፣ ቋጠሮ የሌለበት ጎን ግንባሯ ነው። ዓይኖቿን ከጭንቅላቷ መሐል ዝቅ አድርጉ። ዓይን ወደ ላይ ከወጣ ትልቅ ሰው ትሆናለች፤ ዝቅ ካለ ልጅ። ለዓይኖቹና ለአፉ ሦስት የእርሳስ ነጥብ ይበቃል። ሙሉ ፊት በእርሳስ አትሣሉ፤ በእርሳስ ላይ የሄደ ብሩሽ ይፈራል።

ጭንቅላቷን በግራ እጅ ያዙ። የቀኝ እጃችሁ ትንሿ ጣት እንጨቱ ላይ ትደገፍ። ትንፋሻችሁን ግማሽ አውጡና ያዙ። ቅንድቡ አንድ ጭረት ነው። የዓይኑ የላይኛው ክዳን አንድ ጭረት ነው፤ ሲጀምር ቀጭን፣ መሐሉ ላይ ጫን፣ ሲያልቅ እንደገና ቀጭን። ከሥሩ ጥቁር ነጥብ። አፍንጫዋ አጭር መስመር፣ አፏ አንድ ቀይ ጠብታ። የሄደ ጭረት አይደገምም። ወፍሮ ከወጣ ሌላኛውን ዓይን አወፍሩ።

እኔ ጋ የምትማር ልጅ አለች። «ጋሼ፣ ለምን ትንሽ ፈገግ አናደርጋትም?» አለችኝ።

«ተይ፣ አትጨምሪ» አልኳት። «ልጅ ሲከፋው ይዟት ይቀመጣል፤ አብራው የከፋት ይመስለዋል። ሲስቅም አብራው ትስቃለች። አፏን ከለጠጥሽው ሁልጊዜ መሳቅ ብቻ ነው የሚቀርላት።»

ዓይን መሣል የሚፈልግ ሰው ጎንደር ላይ ትምህርት ቤት አለው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። ረድፍ በረድፍ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ ገላ የላቸውም። ሠዓሊው በስንት መስመር ዓይን እንዳወጣ ቆጥሩ። ሁለት ቅስት፣ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ቅንድብ። ነጥቡ ወደ ጎን ስለሄደ ብቻ ፊቱ የሚያይ ይሆናል። ያንን ቁጥብነት ውሰዱ። ሥዕሉን ራሱን ግን አሻንጉሊት ላይ አታምጡት። ክንፍ አትሣሉ፣ አክሊል አታድርጉ። ቅዱስ ሥዕል መጫወቻ አይደለም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን የማይረዳ የለም።

ሰም

ቀለሙ ሙሉ ለሙሉ ይድረቅ፤ አንድ ቀን ይቆይ። ንጹሕ የንብ ሰም ጧፍ ከሚሠሩ ሰዎች ይገኛል። አሻንጉሊቷ ቶርኖ ላይ እየዞረች ሰሙን ነካ አድርጉባት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጫን በሉ። በሙቀቱ ይቀልጥና ይገባል። ጨርቁን ጣታችሁ ላይ አትጠምጥሙት፤ ትንሽ ቁራጭ ይዛችሁ ሥሩ፣ ከተያዘባችሁ እንዲሄድ። ፊቱን መጨረሻ ላይ፣ በጣም በቀላሉ ነው። ጥቁሩ ከተጎተተ ፊቷ ይጠቁራል። ለሕፃን የምትሰጧት ከሆነ እንደ ናንቡዎቹ ያለ ቀለም፣ ያለ ፊት ተዉአት፤ አፉ ውስጥ ይከታታልና።

ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ አታስቀምጧት። የዱቄት ቀለም በፀሐይ ይገረጣል። በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጓት፤ አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ አራግፉላት።

ስም

ይህንን ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አመጣሁት። ቶሆኩ ውስጥ ኮኬሺ ስትገለበጥ ሥሯ ላይ የሠሪው ስም አለ። ሰብሳቢዎች የሚጠይቁት «የማን ናት?» ብለው ነው። ናሩኮ ውስጥ ሙዚየም አላት፤ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ፌስቲቫል ይደረግላታል። የሚያጊ አውራጃ ኮኬሺ እ.ኤ.አ. በ1981 መንግሥት በባህላዊ ዕደ ጥበብነት መዘገባት። ቶርኖ ላይ ተቀምጦ ያረጀ ሰው እዚያ አገር መምህር ይባላል።

እኛ ዘንድ ምን ተባለ? ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስናንቋሽሽ ኖርን። ቡዳ ናቸው አልን። የሠሩትን ጀበና እየቀዳንበት፣ የቀጠቀጡትን ማረሻ እያረስንበት። የጎንደርን ግንቦች ካነሡት እጆች መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች እንደነበሩ አባቶች ይናገራሉ። ፋሲለደስን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከግንበኞቹ የአንዱን ስም የሚጠራልኝ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ከከተማችን ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ወለቃ አለ። የወለቃ ሴቶች የጭቃ አሻንጉሊት እጅግ ያምራል፤ አንበሳው፣ ሰው የተቀመጠበት ታዛው፣ ንግሥቲቱና ንጉሡ። ቤቴ ያሉትን ገልብጬ ሥራቸውን አየሁ። አንዱም ላይ ስም የለም። ሠሪዋ በሕይወት አለች፣ ሥራዋ ማዶ አገር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ማን እንደሠራው ማንም አያውቅም። ይህ ያናድደኛል።

ስለዚህ ስማችሁን ጻፉ። አልተማርኩም፣ ገና ጀማሪ ነኝ አትበሉ። የመጀመሪያዋም ላይ ጻፉ። ገዢ ሲጠይቃችሁ የጃፓን ናት አትበሉት፤ አሠራሩ የቶሆኩ፣ ሥራው የጎንደር ነው በሉት። መሮውን የቀጠቀጠላችሁ ሰው ካለም ስሙን ንገሩት። ሥሯ ላይ የሚገባው ይኸው ነው፦ ስም ከነአባት፣ ጎንደር፣ ዓመተ ምሕረት። በዚያው ፊቷን በሣላችሁበት ጥቁር ቀለም፣ በዚያው ብሩሽ። ሰም ከመቀባቷ በፊት ይሁን፤ ሰም ላይ ቀለም አይይዝም።